ኮሶ የታዘዘለት ባሕር

በመጀመሪያ እንግባባ፤ እኔ የማላውቀው ነገር የለም። ይህን የምለው ለመፎከር አይደለም፣ ሥራዬ ሆኖ ነው። ላሊበላ ላይ ሃያ ዓመት እንግዳ አስጎብኝቻለሁ፤ አስጎብኚ «እንጃ» ያለ ቀን እንጀራው አለቀ ማለት ነው። የድንጋዩን ዓይነት ይጠይቁኛል፣ እነግራቸዋለሁ። የወፏን ስም ይጠይቁኛል፣ እነግራቸዋለሁ። ስሟን ካላወቅሁት እዚያው አወጣላታለሁ፤ እስከ ዛሬ ተቃውማ የመጣች ወፍ የለችም።

እንዲህ ያለሁ ሰው ከእርሳስ በማይበልጥ ትል እንዴት እንደ ተዋረድሁ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከባሕር ነው። «ላስታ ውስጥ ደግሞ ምን ባሕር አለ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አለ። በጋሸና በኩል በአይሱዙ ተጭኖ ነው የመጣው። አንድ የከተማችን ባለ ሆቴል «እንግዳ መቀበያዬ ከሰው የተለየ ይሁን» ብለው ትልቅ የልብስ ሣጥን የሚያክል የመስታወት ገንዳ አስመጡ። ውስጡ ጨዋማ ውሃ፣ ነጭ አሸዋ፣ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ የባሕር ድንጋይ፣ ብርቱካን መልክ ያላቸው ነጭ መቀነት የታጠቁ ሁለት ዓሦችና አንድ ኩሩ ቢጫ ዓሣ ነበሩበት። አገሬው ጉድ ብሎ አየው። በኋላ ሆቴሉ ለእድሳት ሊዘጋ ሆነና ባለቤቱ ወዳጅ ዘመዱን ሰብስበው «እነዚህን ነፍሶች ማን ይረከበኛል?» አሉ። ሁሉም የጫማውን ጫፍ ማየት ጀመረ። እጁን ያወጣው እኔ ነኝ።

ለምን እንዳወጣሁ እውነቱን ልናገር። ባሕር አይቼ አላውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ሳስጎበኝ፣ እኔ ስለ ድንጋዬ ስነግረው እሱ ስለ ባሕሩ ሲነግረኝ፣ ራሴን እየነቀነቅሁ እንደሚያውቅ ሰው ሳዳምጥ ኖሬያለሁ። ጣናን እንኳ ያየሁት አንድ ጊዜ በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ ያውም የቀሰቀሱኝ ሊያልፍ ሲል ነው። ገንዳው ሳሎኔ ገብቶ ሞተሩ መንዶቅዶቅ ሲጀምር፣ ሰማያዊው መብራት ግድግዳዬ ላይ ሲወዛወዝ፣ ደስ አለኝ። እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ፊቱ ቁጭ እላለሁ፤ የቀኑ ድካም ሁሉ እዚያ ውሃ ውስጥ ይቀራል።

ባለቤቱ ከገንዳው ጋር አንድ ገጽ መመሪያ ሰጥተውኝ ነበር። እኔ ደግሞ መመሪያ የምሰጥ እንጂ የምቀበል ሰው አይደለሁም። የገንዳው ጠረጴዛ አንድ እግሩ ስለሚያነክስ ወረቀቱን አራት አጥፌ ከሥሩ ሸጎጥሁት። ጠረጴዛው ቀጥ አለ። የወረቀቱ ጥቅም በዚህ አበቃ ብዬ አሰብሁ።

አሁን ወደ ሰዎቻችን ልምጣ። በእኛ አገር እንግዳ ቤት ገብቶ ሳይቀምስ አይወጣም፤ ይህ የታወቀ ነው። ያልታወቀው፣ ዓሣም እንግዳ መሆኑ ነው። ዓሣ እንደምታውቁት ሲተነፍስ አፉን ከፈት ዘጋ ያደርጋል። ጎረቤታችን እትዬ ደብሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ዕለት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና፣

«ውይ! እንዲህ አፋቸውን የሚያላውሱት ርቧቸው ነው እኮ! ምነው እናንተ፣ ከባዕድ አገር መጥተው ጦማቸውን ታሳድራላችሁ?» አሉ።

«በልተዋል እትዬ» አልኋቸው።

«በልቶ የጠገበ እንዲህ ያያል? በሞቴ!» ብለው ከመሶብ ላይ ዳቦ ቆርሰው፣ ፈርፍረው፣ አጎረሷቸው።

ከዚያ ወዲያ ማን ይከልከል? የመጣው ሁሉ ያጎርሳል። ባለፈው ገና ቤታችን ያደሩት መንገደኞች ስንቃቸውን ፈትተው «ለእነዚህም ይድረሳቸው» እያሉ ቆሎ ጣል ያደርጉ ነበር። አንድ ሽማግሌ በሶ በጥብጠው ሊያጠጧቸው ሲሉ እጃቸውን ይዤ ነው ያስጣልኋቸው። እኔስ ብሆን? የእኔ ከሁሉም ይብሳል። ጠዋት ስወጣ ስንብት ብዬ፣ ማታ ስገባ ሰላምታ ብዬ፣ በመካከል ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት እመግባለሁ። ዓሦቹ ወፈሩ። ቢጫው አንገት አልባ ሆነ፤ ዓሣ ድሮም አንገት የለውም ትሉኝ ይሆናል፣ የእኔን ግን ማየት ነበረባችሁ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን፣ ራት ላይ ሳለን መብራት ጠፋ። ባለቤቴ የሻረግ ስልኳን አብርታ ሻማ ፍለጋ ስትነሣ ብርሃኑ ገንዳው ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ጩኸት እስከ ብልባላ ድረስ የሰሙት ይመስለኛል።

ከዚያ ቀዳዳ ከበዛበት ድንጋይ ውስጥ፣ ከየቀዳዳው፣ ትል እየወጣ ነበር። ሮዝ ነገር ነው፤ እርሳስ እርሳስ ያክላል። ግራና ቀኙን ነጭ ጠጉር እንደ ብሩሽ ተተክሎበታል። አንዱ አሸዋው ላይ ይሳባል፣ ሌላው ግማሹን አውጥቶ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ አራት ሆነው አንድ ሽምብራ የሚጓተቱም ነበሩ። እኛ በድንጋይ ውስጥ የምንቀድስ የላስታ ሰዎች ነን፤ ድንጋይ እንዲህ ያለ ጉድ ይሠራናል ብሎ ማን ያስባል?

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች የሻረግ፣ ወንበር ላይ ቆማ።

«ይሄማ የባሕር አባጨጓሬ ነው» አልሁ ወዲያው። ስሙን ያን ጊዜ ነው ያወጣሁለት።

የሻረግ ከወንበሩ ወረደች። ስትቆጣ አትጮህም፤ ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ እኔ የምፈራው ያንን ነው።

«ስማኝ አንተ ሰው። አባዬ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ። ከገና በፊት የዓይን ሐኪሞች ወደ ጤና ጣቢያው መጥተው የዓይናቸውን ሞራ ሊገፍፉላቸው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ቤት አላዩትም፤ የኔንም ፊት አላዩትም። ዓይናቸው በርቶ ቤቴ ሲገቡ ጠጉራም ትል እንዲያዩ አልፈልግም። እስከዚያ ቀን ወይ ትሉ ይወጣል፣ ወይ ባሕሩ ይወጣል።»

የሻረግ ያለችውን የምትፈጽም ሴት ናት። ባሕሬ ደጅ ሲደፋ፣ የጎረቤት ዶሮ ዓሦቼን ስትለቅም በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝ። ቢሆንም ሰው ፊት መደንገጥ አልወድም።

«ለትል ነው እንዴ? በሦስት ቀን!» አልኋት።

በማግሥቱ ጠዋት እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁበት። ድንጋዩን ገልበጥ ሳደርግ አንድ ጎልማሳ ትል ተኝቷል። በሌባ ጣቴና በአውራ ጣቴ ለቀም አደረግሁት።

ሳማ ታውቃላችሁ። ቁልቋልም ታውቃላችሁ። ሳማና ቁልቋል ቢጋቡና ልጅ ቢወልዱ ያ ልጅ ይህ ትል ነው። ያ ነጭ ጠጉር ለጌጥ አልነበረም ለካ፤ ጣቴ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ። ዓይን በማያየው መቶ መርፌ ተወጋሁ። ጣቴ አብጦ የሙዝ ያህል ሲሆን ጤና ጣቢያ ከመሄድ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ችግሩ፣ ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል የምትሠራው የሻረግ ናት።

ወረፋዬ ደርሶ መስኮቱ ጋ ቀረብሁ። ቀና ብላ አየችኝ። ጣቴን አየች። ብዕርዋን አነሣች።

«ምን ሆነው ነው?» አለች፣ እንደማታውቀኝ ሁሉ በአንቱታ።

«ነድፎኝ ነው።»

«ምን ነደፈዎ?»

ኋላዬ የተሰለፈው ሕዝብ ጆሮውን አቆመ። «የባሕር ትል» አልሁ ቀስ ብዬ።

«የት?»

«ሳሎን።»

ከኋላዬ አንዲት ወይዘሮ «እግዜር ይማርህ ልጄ» ብለው ከልባቸው አዘኑልኝ፤ የጭንቅላት በሽተኛ መስያቸው ነው። ነርሷ በፕላስተር እየለጠፈች፣ እየላጠች፣ ያን ጠጉር ስትነቅል ዋለች። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት ጣቴን በፋሻ ጠቅልዬ ነው እንግዳ ያስጎበኘሁት። በዚያ ጣት ወደ ጣሪያው ስጠቁም እንግዶቹ ጣቱን እንጂ ጣሪያውን አያዩም ነበር።

ሁለተኛው ዘመቻ በመቀስ ነው። ረጅም እጀታ አስሬለት፣ በጓንት፣ በክብር፣ አንዱን ትል ከመካከሉ ቆረጥሁት። ግማሹ ወደ ቀኝ ሄደ። ሌላው ግማሽ ትንሽ አሰበና ወደ ግራ ሄደ። ቁጭ ብዬ አየኋቸው። አንድ ጠላት ነበረኝ፣ በገዛ እጄ ሁለት አደረግሁት። ይህንን ለየሻረግ አልነገርኋትም፤ አሁን በዚህ ጽሑፍ ማወቋ ነው።

ሦስቱ ቀን አለፈ። አምስተኛውም አለፈ። ይሄኔ ወዳጄ ሰይድ ትዝ አለኝ። ሰይድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ የገንዳውንም ሞተር የሚጠግንልኝ እሱ ነው። በወጣትነቱ ጅቡቲ ወደብ ላይ አራት ዓመት ጭነት አውርዷል፤ ስለዚህ በእኛ ከተማ የባሕር ሊቅ ማለት እሱ ነው። ስለ ባሕር ሲያወራ በሆዴ እቀናበታለሁ።

ሰይድ መጥቶ ገንዳውን ዞር ዞር ብሎ አየ። እንደ ሐኪም ጉሮሮውን ጠረገ።

«አብሽር!» አለኝ። «ይቺ ምን አላት? ወጥመድ ነው የሚያስፈልጋት።»

«እዚያ እያለህ ትል አጥምደህ ታውቃለህ?»

«ወላሂ አላውቅም። ግን ሲጠመድ ሰምቻለሁ።»

ይህን የመሰለ መተማመን ስለሚያስደስተኝ ሥራውን ለእሱ ተውሁለት። ትንሽ የሃይላንድ ጠርሙስ ወስዶ በጋለ ምስማር ቀዳዳ ቀዳዳ አበጀለት። ውስጡ ሥጋ መግባት አለበት አለ። የኛ ቤት ጾም ነው፤ ሥጋ ከየት ይመጣል? ከሰይድ ቤት መጣ። ጥሬ ሥጋውን ጠርሙሱ ውስጥ አድርገን፣ በክር አስረን፣ ወደ ባሕሩ ወለል ሰደድነው።

በማግሥቱ ስናወጣው ጠርሙሱ ውስጥ ሰባት ትል! ሰይድ «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ እኔ «ተመስገን» አልሁ፣ ተቃቀፍን። በሁለተኛው ቀን ዘጠኝ ወጣ። በሦስተኛው ቀን አሥራ ሁለት። እኔ ደስታዬ ወሰን አጣ፤ በየመንገዱ «ወጥመዳችን በየቀኑ እየበረታ ነው» እያልሁ አወራለሁ። በአራተኛው ቀን ሰይድ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ትሎቹን ቆጠረ።

«ወንድሜ፣ ትል እያለቀ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ መቀነስ አልነበረበትም?»

ይህ እኔ ያልታየኝ ጥያቄ ነበር። ለካ የሥጋው ሽታ ያልጠራው ትል የለም። ጠርሙሱ የገባው ይያዛል፤ ደጅ የቀረው ደግሞ በየቀዳዳው የሚንጠባጠበውን እየበላ ይፋፋል። ወጥመድ ያጠመድን መስሎን ድግስ ደግሰናል።

የሻረግ አባት የሚመጡበት ዋዜማ ደረሰ። እኔ በእውነት ተጨነቅሁ። ባሕሬን በዓይኔ እየተሰናበትሁ ሳለ እትዬ ደብሬ ገቡና ተቆጡኝ።

«ምን ያንከራትትሃል ልጄ? ትል በምን ይወጣል? ከአያት ከቅድመ አያት በኮሶ አይደለም የሚወጣ?»

ልብ በሉ፤ ይህን ሲሉ ብርሃን በራልኝ። እኔ ያን ሁሉ ቀን የባሕሩን ነገር ስመረምር የትሉን ነገር ረስቼዋለሁ። ትል ትል ነው። ሆድ ውስጥ ይሁን ባሕር ውስጥ፣ ያው በውሃ ውስጥ የሚኖር ነው። ኮሶ ደግሞ ስንቱን ጀግና ከትል የገላገለ የአገራችን መድኃኒት ነው። በማግሥቱ እትዬ ደብሬ ወቀጡት፣ እኔ በውሃ በጠበጥሁት፤ አንድ ማንቆርቆሪያ ሙሉ። መጠኑን እንዴት እንደ ገመትሁ ልንገራችሁ፤ አንድ ሰው አንድ ዋንጫ ከጠጣ፣ ባሕር አንድ ማንቆርቆሪያ አያንሰውም ብዬ ነው።

ማንቆርቆሪያውን ገንዳው አፍ ላይ አዘንብዬ፣ እትዬ ደብሬ «በስመ አብ በል እንጂ» እያሉኝ፣ በሩ ተከፈተ። የሻረግ አባቷን ይዛ ገባች።

አማቴ የኔታ ብልባላ አካባቢ ባለች ደብር ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጥምጥም። ዓይናቸው ከብርሃንና ከጥላ በቀር የማይለይበት ደረጃ ደርሷል፤ አፍንጫቸው ግን እንደ ቀድሞው ነው። ደጃፉ ላይ ቆሙና አሸተቱ።

«የኮሶ ሽታ ነው» አሉ። «ማነው የታመመ?»

እትዬ ደብሬ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ እኔ፣ ማንቆርቆሪያውን እንደያዝሁ፣

«ባሕሩ ነው የኔታ» አልሁ።

ወንበር አመጣንላቸው። ከገንዳው አጠገብ፣ በቀኝ ጥግ በኩል፣ ግድግዳው ጋ ተቀመጡ። ትሉን፣ ጣቴን፣ ወጥመዱን፣ ሁሉን አጫወትኋቸው፤ መቀሱን ዘለልሁ። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ኮሶውን የሚጠጣው ትሉ ብቻ ነው?» አሉኝ።

«ያው… ዓሦቹም ውሃው ውስጥ ስላሉ…»

«ዓሦቹ ታመዋል?»

«ኧረ ደህና ናቸው የኔታ።»

«እንግዲያውስ ደህናውን ልትገድል፣ መድኃኒት ይዘህ ቆመሃል። አስቀምጠው።»

አስቀመጥሁት። ማንቆርቆሪያው እጄ ላይ ከብዶኝ እንደ ነበር የታወቀኝ ያን ጊዜ ነው። ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፤ ባሕሬን በገዛ እጄ ልገድለው ነበር።

«ለመሆኑ በቀን ስንቴ ይበላሉ?» አሉ የኔታ።

«አንዴ» አልሁ። ቀና ብለው የማያይ ዓይናቸውን ወደ እኔ አዞሩ። እኒህ ሰው ስንት ተማሪ ውሸቱን ሲያነበንብ ሰምተዋል። «ጠዋት አንዴ» አልሁ። «ከሥራ ስመለስም አንዴ። ማታ ትንሽ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቤት ስለምውል…»

«አንቺስ?» አሉ ወደ ልጃቸው።

የሻረግ ቀላች። «ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ትንሽ ነው አባዬ። ያዩኛላ!»

እትዬ ደብሬ ሳይጠየቁ ጀመሩ። «እኔ ቁልፉ ስላለኝ ቀን ቀን ብቅ እላለሁ። ብቻቸውን ይውላሉ ብዬ ነው። ዳቦ ቢጤ ነው፣ ሌላ አይደለም።» በዚህ መካከል ሰይድ በፌስታል ሥጋ ይዞ ገባና ነገሩን ሰምቶ በሩ ላይ ቆመ። «እኔም ባዶ እጄን መምጣት ነውር ነው ብዬ፣ ወላሂ፣ ከጠርሙሱ ውጭም ትንሽ ትንሽ ጣል አደርግላቸው ነበር» አለ።

ስንደምረው በቀን አሥራ አንድ ጊዜ ይበላሉ። የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው በረጅሙ ተነፈሱ።

«ቤቱ ጾም ላይ ነው። ዓሣው ፋሲካ ላይ ነው» አሉ።

ከዚያ እንዲህ አሉን፤ ቃላቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«እኔ በተማሪነቴ በየደጁ ቁራሽ እየለመንሁ ነው ያደግሁት። ትርፍ የበዛበት መንደር ተማሪ ይበዛበታል። ውሻ ይለቁበታል፣ ድንጋይ ይወረውሩበታል፣ ሲመሽ ተመልሶ ይመጣል። ቁራሹ ያነሰ ዕለት ግን ማንም ሳያባርረው በገዛ እግሩ ይሄዳል። ያንተም ትል የሚበላው የተረፈውን ነው። እሱን ተወውና ቁራሹን አሳንስ። ሁሉም አይሄድም፤ የሚቀረው ደግሞ ቤቱን ይጠርጋል።»

በዚህ መካከል የሻረግ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የጠረጴዛውን እግር በስልኳ እያበራች ነበር። ያ ያጠፍሁት መመሪያ አንዱ ጎን ወደ ውጭ ይታያል። ጮክ ብላ አነበበችው፤ «በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ጣት ቁንጥር። ከዚህ ካለፈ ትል ይፈላል።» የቀረው ጽሑፍ በጠረጴዛው እግር ተረግጧል። እኔ ያን ሰዓት ሰይድን ስለ ሞተሩ አንድ ነገር ጠየቅሁት።

ጾም ታወጀ። ዓሦቹ በሁለት ቀን አንዴ፣ ቁንጥር ብቻ። ኮሶው ደጅ ተደፋ። እኔ በቀጭን ጎማ ከአሸዋው ላይ የተከማቸውን ትርፍራፊ እየሳብሁ ማውጣት ያዝሁ፤ ቆሎ፣ የዳቦ ቅርፊት፣ የእትዬ ደብሬ የጠፋ የፀጉር መርፌ ሳይቀር ወጣ። መጽዳቱ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ መጨከኑ ነው። ከሥራ ስመለስ ሦስቱም ተሰልፈው መስታወቱ ጋ ይመጡና አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጉብኛል። ሰው ራሱ ጾሞ ሌላውን ማጾም እንዴት እንደሚከብድ የቀመሰ ያውቀዋል። እትዬ ደብሬ «በዚህ ቤት ርሃብ ገባ» ብለው ለሦስት ቀን አኮረፉኝ፤ ቁልፉንም የመለሱት እያለቀሱ ነው።

ግን ሠራ። በየምሽቱ መብራቱን አጥፍቼ በባትሪ አየዋለሁ። መጀመሪያ ሳምንት ልዩነቱ አልታወቀኝም። በሁለተኛው ሳምንት አሸዋው ላይ የሚሳበው ቀነሰ። በሦስተኛው ሳምንት ሦስት ምሽት በተከታታይ አንድም አላየሁም። ያ ቀኝ ጥግ የኔታ የሚቀመጡበት ስለሆነ ባትሪ ይዤ ጉልበታቸው ሥር መግባት ነውር መስሎኝ እሱን ብቻ ተውሁት። የኔታ ቀኑን ሙሉ እዚያ ይቀመጣሉ፤ ይጸልያሉ፣ የውሃውን ድምፅ ይሰማሉ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እዚያው ይበላሉ። አንድ ቀን «ባሕር እንዲህ ነው የሚለው?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ የኔታ» አልሁ። እኔም እንደሳቸው አላውቅም፤ ግን አልሁ።

ዓይናቸው በርቶ የተመለሱት ገና ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ነው። ጤና ጣቢያ ሐኪሞቹ ፋሻውን ሲፈቱላቸው የሻረግ ፊታቸው ቆማ ነበር። አዩዋት፤ ደጋግመው አዩዋት። «ልጄ፣ ሸብተሻል እኮ» አሉ። የሻረግ እየሳቀች አለቀሰች፣ እኔም ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገባ።

ቤት ስንደርስ ሁሉም ተሰብስቧል፤ ሰይድም፣ ኩርፊያቸውን የተዉት እትዬ ደብሬም። እኔ ገንዳውን መስታወቱን ወልውዬ፣ መብራቱን አብርቼ፣ እንደ ሙሽራ ቤት አዘጋጅቼዋለሁ። የየሻረግን ፊት ሳይ ዛሬ የፍርድ ቀን መሆኑ ትዝ አለኝ፤ እኔ ግን ልቤ ሙሉ ነው። ሦስት ሳምንት ጾመናል፤ ትል የለም።

የኔታ ገቡና ገንዳውን አዩት። መቋሚያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ጎንበስ አሉ። ብርቱካኖቹ ዓሦች መቀነታቸውን ታጥቀው ፊታቸው ሽር ሽር አሉ። «ይኼ ነው ለካ» አሉ፣ «ይኼ ነው ስሰማው የቆየሁት።» ከዚያ የለመዱት ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ከተቀመጡም በኋላ፣ እጅ የለመደውን አይተውምና፣ ቀኝ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ኪሳቸው ገባ፤ የዳቦ ቁራሽ አወጣ፤ ፍርፍር አድርጎ በገንዳው ጥግ ጣል አደረገ።

ከጥጉ ድንጋይ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ትል ወጣ። እንዲህ ያለ ትል በዘመቻዬ ሁሉ አላየሁም፤ የወፈረ፣ ያማረበት፣ ጠጉሩ የተበጠረ የሚመስል። የሚፈራ አይመስልም። ቁራሹ ሳይወርድ አንገቱን አውጥቶ ጠበቀውና ተቀበለው።

እኔ ባሕሬ በበሩ ሲወጣ ታየኝ።

የኔታ በአዲሱ ዓይናቸው ጠጋ ብለው አዩት።

«አንተ ነበርህ ለካ!» አሉ። «እኔ እኮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓሣውን የማጎርስ መስሎኝ ነው።»

«አባዬ!» አለች የሻረግ። «እርስዎ አይደሉም እንዴ ጾም ያዘዙ?»

የኔታ እንደ ተያዘ ተማሪ አንገታቸውን ደፉ። «አዝዣለሁ ልጄ። ግን ፊታቸው ተቀምጦ ብቻን መብላት እንዴት ይሆናል? አልሆንልህ አለኝ።»

እትዬ ደብሬ «እሰይ!» ብለው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ሰይድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ የምሞተውን ሞቼ የሻረግን አያለሁ። እሷ አባቷን አየች፤ ትሉን አየች፤ እንደገና አባቷ እጅ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ አየች። ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለች። «አባዬ በእጃቸው ያጎረሱትን እኔ ከቤቴ አላስወጣም።»